ያልተፈታው ስፌት

ከሀገረ ሕይወት ከተማ ተነሥተው ኢየሩሳሌም የተሳለሙትን ምእመናን የመሩት ቄስ ለኦቦ ጉታ ሚስት፣ ባሏ የራሱንና የእሷን መግነዝ በገዛ እጁ ዮርዳኖስ ነክሮ በማግስቱ ማረፉን ነገሯት። አብራው የተጓዘችው ነጋዴዋ ቦጋለች ግን ቀደም ብላ ጓዳ ገብታ፣ «ወንዙን አላየም፣ አዴ። አውቶቡሱ ውስጥ፣ ክንዴ ላይ ነው ያረፈው» ብላታለች።

«ኦቦ ጉታ በራሳቸው መግነዝ እዚያው ተቀብረዋል። ያንቺ ይኸውልሽ፣ ልጄ፤ ዮርዳኖስን ጠጥቶ የመጣ ነው» አሉ ቄሱ፣ መግነዙ ያለበትን ከረጢት ጉልበቷ ላይ አኑረው። ለቀስተኞቹ ከልቅሷቸው መሀል «ታድለሽ!» አሏት።

ከረጢቱን አገላበጠችው። ባሏ ሊሄድ ሲል የራሷን መግነዝ ብቻ ከትታ አፉን የሰፋችው እሷ ነበረች። «አጥብቀሽ ስፊው፤ ወንዙ ዳር እኔው እፈታዋለሁ» ብሏት ነበር። ነጩ ክር መሀል ላይ አልቆባት በጥቁር ጨርሳዋለች። አውራ ጣቷ ነጩን ስፌት ተከትሎ ሄደ፤ ጥቁሩን ይዞ እስከ ቋጠሮው ደረሰ። አንዱም አልተፈታም። ቄሱ ጣቷን አይተው አንገታቸውን ደፉ።

«አባቴ፣ ስለ እሱ ያሉትን ተቀብያለሁ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እኔን ግን ስሞት በዚህች ነጠላዬ ቅበሩኝ።»