ርካሹ ፍሬን

አቶ ደምሰው ልጃቸው ፅጌማርያም መኪና ገጭቷት ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ሥራ የምትመላለስበትን ብስክሌት ፍሬን የገዙላት እሳቸው ነበሩ፤ ያውም ርካሹን። አርባዋ እንደወጣ ብስክሌቱን እየገፉ ፍሬኑን ወደገጠመላት ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ካሱ ሄዱ።

«ልጄን በርካሽ ፍሬን ገደልኳት?»

ካሱ የፊቱን ጎማ በኃይል አሽከርክሮ ፍሬኑን ያዘው። ጎማው ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ለዕለት መንገድ ከበቂም በላይ ነው። አደጋው ሲደርስ ደጄ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ውሻ ዘሎ ሲገባባት ፍሬኑን ያዘች፤ ወዲያው ቆመች። መቆም ያቃተው ከኋላዋ የመጣው መኪና ነው።»

አቶ ደምሰው እፎይ ሊሉ ነበር። ድንገት ፊታቸው ጠቆረ።

«ፍሬኑ ባይዝላት ኖሮ ታመልጥ ነበር ማለት ነው?»