ዳታዬን የሚያሳልፉልኝ ሴትዮ

የኔትወርክ ማማዎቹ ከፈረሱ ወዲህ የእያንዳንዱ ሰው ዳታ የሚያልፈው በፈቃደኛ ጎረቤት ስልክ ነው። የእኔን ማን እንደሚያሳልፍልኝ ግን ጠይቄ አላውቅም። ጥገናን ያለ አስተማሪ፣ የሞቱ ስልኮችን እየፈታሁ የተማርኩ ሴት ነኝና «እባካችሁ» ማለት አይሆንልኝም።

በስልኬ የምፈተነው የጥገና ፈቃድ ፈተና ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ዳታዬ ጠፋ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ፤ ሲሙን አውጥቼ በቀሚሴ ጠርጌ መለስኩ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ማስተካከያው ውስጥ ስገባ «አሳላፊዎ ዘርፌ ከአካባቢው ርቀዋል» ይላል።

እትዬ ዘርፌ! ግድግዳ የምንጋራቸው፣ ስልካቸውን ሰክተው ከቤት ስለማይወጡ «ከሶኬት ጋር የተዳሩ» እያልኩ የማሾፍባቸው!

በራቸው ተቆልፏል። ተስፋ ቆርጬ ደጃፋቸው ላይ ስቀመጥ፣ ጥቁር ነጠላቸውን እየጎተቱ፣ እያለከለኩ ደረሱ። ዳታዬም አብሯቸው መጣ።

«ለቅሶ ቤት ነበርኩ። በግድግዳው ስትለማመጂ የሰማሁት ፈተናሽ ትዝ ሲለኝ ንፍሮውን ሳልቀምስ ተነሳሁ።»

ስልካቸውን ተቀበልኳቸው፤ የእኔን ዳታ ሲያሳልፍ እንደ ፍም ይፋጃል፣ ባትሪውም ተሟጧል።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ከሶኬቱ ያልራቁት ለእኔ ብለው ነው? ምነው ቢነግሩኝ?»

«ምላስሽን ፈርቼ ነዋ! ግቢ አሁን፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

ፈተናውን አለፍኩ። በማግስቱ የሰፈሩን በር አንድ በአንድ እያንኳኳሁ «እባካችሁ፣ ዳታዬን ተራ በተራ አሳልፉልኝ» አልኩ። ምላሴ አልተቆረጠም፤ አራት ሰዎች እሺ አሉኝ።

በሣልስቱ እትዬ ዘርፌ ለቅሶ ቤት ተመልሰው እስኪመሽ ተቀመጡ። ንፍሮውን የዘገንኩላቸው እኔ ነኝ።