ቆማ «ቴክ ዩር ታይም» የምትለው ልጅ

«ቴክ ዩር ታይም አባዬ...»

አለችው። ግን ቆማ ነው ያለችው።

ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ... የመኪናዋ ቁልፍ ጣቷ ላይ ይሽከረከራል።

አባቷ አፉን ከፈተ። «እ... እኔ...»

«ውሃ ነው?»

አባት እንዲያበቃለት ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ውሃውን አስቀምጣለት ወጣች።

ይቺን እንግሊዝኛ ያመጣቻት ከሥራ ቦታዋ ነው። የኢንሹራንስ መስኮት ላይ ነው የምትሠራው። ደንበኛ ሲደናገር ፈገግ ብለሽ «ቴክ ዩር ታይም» በይ ተብላ ሰልጥናለች። ተረጋጋ፣ አትቸኩል፣ እኔም አልቸኩልም ማለት ነው።

አለቃዋ ደግሞ ከኋላ ሆኖ ሰልፉን ያያል። ስለዚህ አፏ «ቴክ ዩር ታይም» ሲል ጣቷ ቀጣዩን ተረኛ መጥሪያ ላይ ነው። ልማድ ክፉ ነው... ቤትም ይዛው ገባች።

አባቷ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ነበር። ጓደኞቹ «ራዲዮ» ነበር የሚሉት። ተሳፋሪ መንገዱ ቢረዝም እንኳ የሱ ወሬ አያልቅም ይል ነበር።

ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግን ራዲዮው ዝም አለ።

የንግግር ሐኪሟ «ካልተናገረ ንግግሩ አይመለስለትም፣ ራሱ ይጨርስ» ብላ አስጠንቅቃለች። እሱ ግን ከቀን ወደ ቀን ጭራሽ መሞከሩን ተወ። ልጅቷ ሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። የአባቷ ድምፅ ላይመለስ ነው ብላ ፈርታለች።

አንድ ጠዋት አክስቷ ልትጠብቀው መጣች። የአባቷ ታላቅ እህት ናት። ጆሮዋ ከበድ ስለሚል ነገር ሁሉ ሁለቴ ይነገራታል። ሰው ማጣደፍ የሚባል ነገር አታውቅም።

ልጅቷ ወጥታ ስልኳን ረስታ ተመለሰች። በሩን ስትከፍት የወንድ ድምፅ ሰማች... አክስቴ ራዲዮ ከፍታ ነው አለች በልቧ።

አይደለም። አባቷ ነው።

አክስቷ የምትሠራውን ሹራብ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ወደሱ ጠጋ ብላ ተቀምጣለች። አትቀጥልለትም... አታርመውም... ዝም ብላ ትጠብቃለች።

«እት...ዬ... ሁልጊዜ... ው...ሃ... ታመጣልኛለች...»

«ማን? ልጅህ?»

«አዎ... ብር...ድ ልብስ... ታመጣልኛለች... እኔ ግን... ቁጭ... እንድትልልኝ... ነው።»

«ታዲያ ለምን አትነግራትም?»

አባት አጠገቡ ያለውን የውሃ ብርጭቆ ገፋ አደረገው።

«ሳል...ጨርስ... ትጨርስልኛለች።»

ልጅቷ በር ላይ ደርቃ ቀረች። ስንት ብርጭቆ ውሃ አመጣችለት... አንዱንም አልጠየቃትም ነበር።

ጫማዋን አወለቀች። ቁልፏን መሳቢያ ውስጥ ከታ ዘጋችው። አለቃዋ ጋ ደውላ ዛሬ እንደማትገባ ነገረችውና አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ይቅርታ ልትለው አፏን ከፈተች... ግን እንባ ቀደማት።

«አባ... አባዬ... እኔ...»

ሁለተኛ ሞከረች። አልወጣም።

አባቷ እጇን ያዘ። ያቺ የድሮ የሹፌር ተንኮል ዓይኑ ውስጥ ብልጭ አለች። ከዚያ ቀስ ብሎ...

«ቴክ... ዩር... ታይም።»

አክስቷ አልሰማችም ነበር። ሁለቱ ሲስቁም ሲያለቅሱም ስታያቸው «ምን ተባለ?» አለች። አባት ለሷ ደግሞ ደገመላት... በሁለተኛው የተሻለ አለው።

አሁንማ ጎረቤት ሁሉ «ራዲዮው ተጠገነ፣ ማጥፊያው ግን ጠፋ» እያለ ይቀልዳል።

ወገን... ተረጋጋ ማለት ቀላል ነው። አፋችን አልቸኩልም እያለ እግራችን በር ላይ ከሆነ ግን ሰው የሚያምነው እግራችንን ነው። ለምንወደው ሰው ጊዜ የምንሰጠው ቁጭ ስንል ነው።

እናንተስ... ቤታችሁ ውስጥ ወሬውን ሳይጨርስ የምትጨርሱለት ሰው ማነው? ዛሬ አጠገቡ ተቀመጡና እስኪጨርስ ስሙት... ምን እንዳላችሁ ኮሜንት ላይ አካፍሉን።