የእማማ ጥላነሽ ድንኳን

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ቢያዝን ለሦስተኛ ጊዜ ነፋ። እስከ ጎረቤት ከተማ ሉማሜ ያለ ውሻ ሁሉ ጮኸ፤ ከሰፈሩ ግን አንድ ሰው ብቅ አላለም። ድሮ ጥሩምባው ከከንፈሩ ሳይወርድ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ግን ግማሹ ነባር ነዋሪ ቤቱን ሸጦ ሄደ፤ የቀረውም በቅሎውን ከጋጣ አስወጥቶ ተማሪ አስገባበት። ቄሶቹ ሊደርሱ ነው፤ ሌሊት ያረፉት የእማማ ጥላነሽ የለቅሶ ድንኳን ግን ደጃቸው ላይ እንደ ተጠቀለለ ነው።

"ኧረ ሰው የለም ወይ!" አለ ጋሽ ቢያዝን።

ከማዶ የጥርስ ብሩሽ የጎረሰ ተማሪ ብቅ አለ። ጋሽ ቢያዝን ደስ ሊለው ሲል ልጁ ብሩሹን አወጣና፣ "ጋሼ፣ የእማማ ክፍል ተለቀቀ ማለት ነው?" አለው።

በጥሩምባው ሊለው ቃጣና ተወው። የድንኳኑን ምሰሶ አስታቀፈው።

"ክፍሉ ያንተ ነው፤ ብቻ ይቺን ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ፤ ለማንም እንዳትናገር" ሲል ሹክ አለው። ወሬውን ሰምተው ለመጡት ለሌሎች አምስት ተማሪዎችም፣ ለየብቻ እየጠራ፣ ይህንኑ ሹክ አላቸው።

ድንኳኑ ቆመ። ስድስቱም እጃቸውን ዘርግተው በአንድ አፍ ቁልፍ ጠየቁት።

"መጀመሪያ አልቅሱ!" አላቸው።