የጳጉሜ ልጆች

ሩዋንዳ ሰፈር ባለው ቢሮ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ጮኸ። "በጳጉሜ የተወለዱ ልጆች እናቶች ለክትባት ያልተጠሩት ለምንድን ነው? አንዱ ልጅ በኩፍኝ ሆስፒታል ገብቷል!"

ሐሴት ክው አለች። እናቶችን በስልክ መልእክት ለክትባት የሚጠራውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ነበረች። የልጆቹ መረጃ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ ሲያስቸግራት፣ "የልደት ቀኑን ባዶ አድርጎ ይለፈው፤ ችግር ቢመጣ እኔ አለሁልሽ" ያላት የቡድን መሪዋ ሁንዴ ነበር። እጮኛዋም ነው። አሁን አጠገቧ ተቀምጧል። እስኪናገር ጠበቀችው።

"እኔ እንኳን አስጠንቅቄያት ነበር" አለ ሁንዴ፣ ሳያያት።

ሁንዴ ከጠረጴዛው ሥር የሐሴትን እጅ ሊይዝ ሲፈልግ፣ ሁለቱንም እጆቿን አወጣችና ስልኳን አንስታ የልጇ የልደት ቀን ባዶ ለሆነባት አንዲት እናት ደወለች።

"ጤና ይስጥልኝ" አለች። "ልጅዎ ጳጉሜ ላይ ነው የተወለደው አይደል?"