የደከሙት ውሾች

ኡሳርቃክ ጫፉ ብረት የሆነውን ዘንግ አንስቶ ውሾቹ ከሚጎትቱት ሸርተቴ ፊት ያለውን የባሕር በረዶ ባለ በሌለ ኃይሉ ወጋው። ዘንጉ ነጥሮ ተመለሰ። በአንድ ምት ያልተበሳ በረዶ ሰውም ሸርተቴም ይሸከማል፤ ዕድሜውን ሙሉ የተጓዘው ይህን አምኖ ነው። «ይችለናል፤ ሳይመሽ ልጃችን ቤት እንገባለን» አለ እያለከለከ።

«እስቲ አምጣው» አለችና ሚስቱ ከሸርተቴው ወርዳ በረዶውን እዚያው እሱ ከወጋበት አጠገብ ወጋችው። ብረቱ ያለ ድምፅ ሰመጠ፤ በቀዳዳው ጥቁር ውሃ ብቅ አለ። ሁለቱም አዩት። የእሱ ክንድ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እንመለስ ባክህ፤ ውሾቹ ደክመዋል» አለችው ዘንጉን እየዘረጋችለት።

ውሾቹ ካልሄድን ብለው ገመዱን ወጥረው ይቁነጠነጡ ነበር። አያቸው።

«አዎ» አለ ዘንጉን ሳይቀበላት፣ «ደክመዋል።»