«ነበር» ይውጣ

ሽማግሌው ጋዜጠኛ ዜናውን በስልክ ሲያስጽፍ ሥርዓተ ነጥቡን ሁሉ እየጮኸ ስለሚጠራ፣ የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች «ጋሽ አራት ነጥብ» የሚል ስም አወጡለት። ሚስቱን እንኳ «እራት አቆዪልኝ፣ አራት ነጥብ» ብሎ ነው የሚዘጋባት።

በተቀበረ ማግስት አዘጋጇ መታሰቢያውን ልትጽፍለት ብትቀመጥ ወንበሩ አላስቀምጥ አላት። ስትነሳ ስትቀመጥ ቆይታ፣ «ዜና ባይኖረውም በየቀኑ ይደውል ነበር» ብላ እንደጻፈች ስልኩ ጮኸ። እንደ ልማዷ እጀታውን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ ደቀነች።

«ጻፊ እንጂ፣ አንቺ ልጅ! ‹ነበር› አንባቢ ያስተኛል ስንቴ ልበልሽ? አውጪው!»

ሳታስበው አወጣችው።

«በየቀኑ ይደውላል፣ ነጠላ ሰረዝ…»

ጠበቀች። ትንፋሹ ጆሮዋን ይሞቃታል፤ አራት ነጥብ ግን አላለም።